ቆርኪ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና ቤተሰቡን እንዳልረብሽ ኤርፎን ሰክቼ ዩቲዩብ እከፍታለሁ። ልጄ የሌሊት ጥቅል እየገዛች አስለመደችኝ እንጂ እኔ እንዲህ ያለ አመል አልነበረኝም።

መጀመሪያ የማየው የእርሳስ ስዕል የሚያስተምሩትን ነበር። ያው ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ነገር ነው። ከዚያ ስልኩ ራሱ ሌላ ሌላ ነገር ያመጣልኝ ጀመር። አንድ ሌሊት ቴዎ ያንሰን የሚባል ሆላንዳዊ መጣ። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ እየቀጣጠለ፣ ነፋስ ሲመታቸው ባሕር ዳርቻው ላይ በእግራቸው የሚሄዱ ግዙፍ አውሬዎች ይሠራል። ሞተር የለ፣ ምን የለ! ብቻዬን ስስቅ ባለቤቴ ነቅታ "ምን ሆንክ?" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ቀጥሎ የመጣው ግን አላሳቀኝም። ኤል አናትሱይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የተወለደ ጋናዊ ነው። ናይጄሪያ፣ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ቅርጻ ቅርጽ አስተምሯል። መምህር ነው፣ እንደኛው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጣለ ከረጢት ሙሉ የአረቄ ጠርሙስ ክዳን ያገኝና ወስዶ ያስቀምጠዋል። በኋላ ክዳኑን እየቀጠቀጠ፣ እያጠፈ፣ እየበሳ በመዳብ ሽቦ ያያይዘው ጀመር። በሺህ የሚቆጠር ክዳን፣ አንድ በአንድ። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የንጉሥ ካባ ነው የሚመስለው፤ ወርቁ፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ! ደግሞ ቋሚ ቅርጽ የለውም፤ የሚሰቅለው ሰው እንደወደደ ያጣጥፈዋል። በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ የሕይወት ዘመን ሽልማቱን፣ ወርቃማውን አንበሳ ሰጥቶታል።

ቪዲዮውን አቆምኩት። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

1986 ዓ.ም.፣ ሰባተኛ ክፍል። ስሙን አልጽፍም። የቤት ሥራው ጀበና በእርሳስ መሣል ነበር። እሱ ካርቶን ላይ ቆርኪ ለጥፎ ጀበና ሠርቶ መጣ። የቢራ፣ የሚሪንዳ፣ የአምቦ ውሃ ቆርኪ። ብርሃን በሚያርፍበት በኩል አዳዲሶቹን፣ ጥላ ባለበት በኩል ዝገት የበላቸውን መርጦ ደርድሯል። ብርሃንና ጥላ ገብቶታል ማለት ነው እኮ! ይኼን ያኔም አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው።

"ሣል አልኩህ እንጂ ቆሻሻ ሰብስብ አልኩህ?" አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከአስር ሁለት ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ እንደሌላው በእርሳስ ይሥል ጀመር። ስድስት፣ ሰባት ያገኝ ነበር። ተስተካከለ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰሞኑን ለራሴ ስከራከር ከረምኩ። ያኔ ዩቲዩብ የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ የታዘዝኩት ሥርዓተ ትምህርቱን ነው፣ ከየት አመጣዋለሁ? እያልኩ። ክርክሩ ግን ሩቅ አልሄደም። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው "የተጣለ ዕቃ ዋጋ እንዳለው አላውቅም ነበር" ይላል? ደግሞ ኤልያስ ስሜ አለ። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዞማ ሙዚየምን ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው። ድሮ አዝራርና ክር ሸራ ላይ ይሰፋ ነበር፤ አሁን የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ እየጎነጎነ ግድግዳ የሚያክል ሥራ ይሠራል። ስለ እሱ ከዓመታት በፊት ስሰማ "ይኼ ደግሞ ምኑ ስዕል ነው?" ብዬ ያለፍኩት እኔው ነኝ። አሁን በስልኬ፣ በጨለማ፣ ሥራውን ሳየው አንዷን ሽቦ ከሌላዋ ጋር ያጋባበትን መንገድ ለማየት ቪዲዮውን አምስቴ ወደ ኋላ መለስኩት።

የዚያ ክፍል ልጆች አንዳንዶቻችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መስኮቱ ጥግ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረው ነው። የት እንዳለ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ቁጥሩን ብቻ ላኩልኝ፣ እኔው እደውልለታለሁ።