ስምህን ብቻ አውሰኝ

እንግሊዝ አገር የሚኖር ስደተኛ ማንነቱን ሳይጠየቅ የሚያልፈው ደጃፍ እምብዛም የለም። ቤት ሲከራይ ፓስፖርት፣ ሥራ ሲቀጠር ፓስፖርት፣ ባንክ ሲሄድ ፓስፖርትና የመብራት ሒሳብ አምጣ ይባላል። አንድ ደጃፍ ግን ለረጅም ዘመን ወለል ብሎ ተከፍቶ ኖሯል፤ የኩባንያ ማቋቋሚያው። ካምፓኒስ ሃውስ የሚባለው የአገሪቱ የኩባንያዎች መዝገብ ቤት በኢንተርኔት 12 ፓውንድ ለከፈለ ሁሉ ኩባንያ ይመዘግብ ነበር። ዳይሬክተር ተብሎ የሰፈረው ስም የከፋዩ ይሁን የጎረቤቱ፣ ሰውየው በሕይወት ይኑር አይኑር አያጣራም። አጣራ የሚለው ሕግም አልነበረም። የተላከለትን ተቀብሎ ማስፈር ብቻ ነበር ሥራው።

በ2013 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ሰው ቪንስ ኬብልን ዳይሬክተር አድርጎ ኩባንያ አስመዘገበ። ቪንስ ኬብል በወቅቱ የንግድ ሚኒስትሩ ነበሩ፤ መዝገብ ቤቱም በእሳቸው መሥሪያ ቤት ሥር ነበር። ሰውየው ይህን ያደረገው የመዝገቡን ቀዳዳ ለማሳየት እንደሆነ ለራሳቸው ለሚኒስትሩ አሳወቀ። ቀዳዳው እንዳለ ስለቀረ በ2016 በሌሎች ፖለቲከኞች ስም ደገመው። በ2018 ፍርድ ቤት ቀረበና ቅጣትና ወጪ ተደምሮ ከ12,000 ፓውንድ በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። የኩባንያ መረጃ በሐሰት በማስመዝገብ የተፈረደበት የመጀመሪያው ሰው እሱ መሆኑን መንግሥት በኩራት አስታወቀ። ከሞልዶቫ ባንኮች የተዘረፈ ገንዘብ በዚሁ መዝገብ ላይ በሰፈሩ የስኮትላንድ ሽርክናዎች በኩል አልፎ ነበር፤ እጁ የተያዘው ግን ጠቋሚው ነው። ይህን ያጫወትኳቸው ደንበኞቼ ሁሉ «የእኛ አገር ብቻ መስሎን!» ብለው ስቀዋል።

እኔ ለንደን ውስጥ የሐበሻ ድርጅቶችን ሒሳብ እይዛለሁ። ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ የጽዳት ድርጅት፣ ቡና አስመጪ። ስለዚህ ቀዳዳውን የሚደፍነው ሕግ በኦክቶበር 2023 ሲጸድቅ ከማንም ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ። ነገሩ ሲያጥር ይህ ነው፦ ከኖቬምበር 18 ቀን 2025 ጀምሮ ማንነቱን ያላረጋገጠ ሰው አዲስ ዳይሬክተር ሆኖ አይመዘገብም። ነባሮቹ ደግሞ የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጥቷቸው፣ ድርጅታቸው በየዓመቱ ከሚያስገባው ማረጋገጫ ጋር አብረው ማሟላት አለባቸው። ከ25 በመቶ በላይ አክሲዮን ወይም ድምፅ የያዘ፣ ወይም ከበስተጀርባ ሆኖ ድርጅቱን የሚዘውር ሰውም ማንነቱን ማረጋገጥ አለበት። በመንግሥት ድረ ገጽ ራስህ ከሠራኸው ክፍያ የለውም። ሲያልቅ 11 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ይሰጥሃል። ኮዱ የድርጅቱ አይደለም፤ የሰውየው ነው። አሥር ኩባንያ ቢኖረው ለአሥሩም ያው አንድ ኮድ ነው።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጽዳት ድርጅት ካላቸው አንዲት እትዬ ጋር የተቀመጥኩበትን ከሰዓት በኋላ ግን አልረሳውም። ስልካቸውን ፓስፖርቱ ላይ አስተኝተን ውስጡ ያለውን ቺፕ እስኪያነብ ጠበቅን። «አትነቅንቁት» እያልኩ፣ እሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘው። ከዚያ ፊታቸውን በክቡ ውስጥ እንዲያስገቡ ሲታዘዙ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፤ ስክሪኑም ቀለም እየለዋወጠ ፊታቸውን አበራው። «ይኼ ደግሞ ምን ይፈልጋል?» አሉኝ። «እርስዎ መሆንዎን ማወቅ ነው» አልኳቸው። «እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ቢሮውን ሳጸዳለት ማን መሰልኩት?» መልስ አልነበረኝም።

ኮዱ መጣ፤ ሥራው ግን ገና ነበር። ኩባንያውን ድሮ ያቋቋመላቸው ሰው የአባታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ አስመዝግቧል፤ ፓስፖርታቸው ላይ ደግሞ በዚያ ቦታ ያለው አያታቸው ናቸው። የትውልድ ዘመናቸውንም በእኛ አቆጣጠር ሲነግሩት እንዳለ ስለጻፈው፣ እትዬ በመዝገቡ ላይ ለዓመታት ከዕድሜያቸው ስምንት ዓመት አርጅተው ኖረዋል። ሕዝብ ወሩንና ዓመቱን ቢያይም ልብ ያለው አልነበረም። አሁን ግን ኮዱና መዝገቡ መግጠም አለባቸው። እንዲህ ያለው ጣጣ ከአጭበርባሪው ይልቅ ምስኪኑን ያደክማል ብዬ ተማርሬ ነበር፤ አሁንም የዚያ ቅሬታዬ ግማሹ አልወጣልኝም። ቺፕ የሌለው የቀድሞው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው ደግሞ በዚህ መንገድ ጨርሶ አይሄድለትም፤ የመንጃ ፈቃድ ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ መፈለግ አለበት።

ልናገር የተነሳሁት ግን ስለ እትዬ አይደለም።

የአክስቴ ባል፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ እዚህ አገር ስገባ የተቀበሉኝ ሰው ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ ላይ ነው ያደግኩት ብል ማጋነን አይሆንም። ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ከኮሮና በኋላ ዕዳ በዕዳ ላይ ተደራርቦ ተዘጋ፣ እሳቸውም በፍርድ ቤት ኪሳራቸው ታወጀ። እንዲህ ያለ ሰው እገዳው እስኪነሳ ድረስ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ዳይሬክተር መሆን ወይም ኩባንያ መምራት አይችልም። ይህ የአዲሱ ሕግ ነገር አይደለም፤ በ1986 የወጣው የዳይሬክተሮች እገዳ ሕግ ነው የሚለው። ጋሼም ያውቁታል። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ አክስቴ ዕጣን እያጨሰች፣ ቀስ ብለው አመጡት። «አንዲት ካፌ አግኝቻለሁ። ሥራውን እኔ ነኝ የምሠራው፤ አንተን አላስቸግርም። ስምህን ብቻ አውሰኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ እስቲ እንየው» አልኩ። እንየው ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጋሼ ግን እሺ የምትለዋን ብቻ ሰሙ። ወራት ሄዱ። በተገናኘን ቁጥር ጨዋታ አስቀይሳለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ለደንበኛ «ይህ ወንጀል ነው» ብዬ ፊት ለፊት እናገራለሁ። ያበላኝን ሰው ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በመጨረሻ አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ አዲስ ሕግ መጣ፤ ፊት ይነሳል፣ ፓስፖርት ይመረመራል። ከእንግዲህ በሰው ስም አይቻልም» አልኳቸው። «እንግዲህ መንግሥት ካለ ምን ይደረጋል» አሉና ተቀበሉኝ። ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ። ሳልጣላ ተገላገልኩ።

የነገርኳቸው ውሸት ነበር። አዲሱ ሕግ እኔን የሚያግድበት ምንም ምክንያት የለውም። ፓስፖርቴ የራሴ ነው፣ ፊቴም የራሴ ነው። ማመልከቻውን ብሞላ በደቂቃዎች ውስጥ ኮዴን ይሰጠኝና በጋሼ ካፌ ላይ ዳይሬክተር ሆኜ እመዘገብ ነበር። ማጣሪያው የሚጠይቀው ይህ ሰው አለ ወይ፣ ነኝ የሚለው እሱ ነው ወይ ብሎ ነው። ለምን ፈረምክ፣ ለማን ብለህ ፈረምክ፣ ቁልፉና የባንክ ካርዱ በማን ኪስ ነው አይልም። በማይኖር ሰው ስም የሚነግደውን ያጠምዳል፤ ከእውነተኛ ሰው እውነተኛ ስም የተዋሰውን ግን በዚያች ስክሪን ላይ አያየውም።

ስም ማዋስ እኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም ደግነት ነው። ዋስ መሆን፣ ለእቁብ መፈረም፣ በወንድም ስም ንግድ ፈቃድ ማውጣት። የውጭ ዜግነት ያገኘው ትውልድ አገር ቤት ያፈራውን ሀብት በእህትና በወንድሙ ስም ያኖር የነበረው ወዶ አይደለም፤ እንደ ባዕድ ስለሚቆጠር ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርዱን አምጥቶ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙ መብት እስኪሰጥ ድረስ ሌላ መንገድ ጠባብ ነበር። በዚያ ዘመን የተዋሰ ስም ስንት ወንድማማች እንዳቆራረጠ ለመስማት የአንድ ለቅሶ ቤት ምሽት ይበቃል። ልማዱን ግን በሻንጣችን ይዘነው መጣን፤ ለምን እንደተጀመረ ከረሳነው በኋላም።

ካፌው ተከፈተ ሲሉ ሰማሁ። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ በነፃ ይታያል። ስሙን ጽፌ ፈለግሁት። ዳይሬክተሩ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፤ 75 በመቶና ከዚያ በላይ አክሲዮን በእሱ ስም ነው። ልጁን አውቀዋለሁ። መኖሪያ ፈቃዱን ካገኘ ብዙ አልቆየም፣ የጋሼ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው፤ እዚያው ካፌ ውስጥ ዕቃ ያጥባል። እኔ ተነስቼ የሄድኩበትን ሶፋ እሱ ወረሰው።

አገኘሁትና የዳይሬክተር ሥራ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ወረቀት ነው አሉኝ። ፊቴን በስልክ ተነሳሁ፣ አለቀ» አለኝ። የባንክ ሒሳቡን አይቶት አያውቅም። ዓመታዊ ሒሳብ በጊዜው ካልገባ መቀጮ እንዳለ፣ ታክስ ቢሸሸግ ጥያቄው ወደ እሱ እንደሚመጣ፣ ዳይሬክተር ጥፋት ከተገኘበት ከ2 እስከ 15 ዓመት እንደሚታገድ ነገርኩት። በኮሮና ጊዜ ለአነስተኛ ድርጅቶች እስከ 50,000 ፓውንድ የተሰጠውን ብድር አላግባብ ወስደዋል የተባሉ ብዙ ዳይሬክተሮች መታገዳቸውንም ጨመርኩለት። ጋሼ ከበስተጀርባ ካፌውን እየመሩ እሱ «ባለቤቱ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ካስመዘገበ ያ ራሱ የሐሰት መግለጫ ነው አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ አስጠግተውኛል። እምቢ ልበላቸው?» አለኝ።

ወደ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ገና አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «አንተ ከእንግዲህ አይቻልም ብለኸኝ ነበር። ለዚህ ልጅ ግን ተቻለለት» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ታዝበውኛል። ያን ጊዜ ነው በመንግሥት ስም ያሳበብኩት እምቢታ ምን እንዳደረገ የገባኝ። ሕጉ ነው የከለከለኝ ስላልኳቸው፣ ሕጉ የሚያሳልፈውን ሰው ፈልገው አገኙ። ነገሩ ራሱ ትክክል አይደለም ብያቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያኮርፉኝ ነበር፤ ልጁን ግን አይጠይቁትም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕጉን የሚነግራቸው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ዋሸኋቸው።

የዚያን ዕለት ሁሉንም ተናገርኩ። አዲሱ ሕግ እንዳልከለከለኝ፣ የከለከለኝ የራሴ ፍርሃት እንደነበር፣ እሳቸውም ልጁም ወንጀል ውስጥ እንዳሉ። አክስቴ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። «እኔስ? እኔ ምን ጎድሎኝ ነው?» አለች ብቅ ብላ። እውነቷን ነው፤ ድሮም ወጥ ቤቱን፣ ግዢውንና ገንዘቡን የያዘችው እሷ ናት፤ ኪሳራ የታወጀባት እሷ አይደለችም። በራሷ ስልክ፣ በራሷ ኢሜይል ማንነቷን አረጋግጣ ኮዷን አወጣች፤ አክሲዮኑም ወደ እሷ ዞረ። ጋሼ እገዳቸው እስኪነሳ አስተዳደር ውስጥ እንዳይገቡ ተስማሙ። እኔን ግን ለጊዜው በአንቱታ ነው የሚያነጋግሩኝ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ አዲስ የመጣችሁ ልጆች፦ ስምህን፣ ስምሽን ብቻ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ በሕግ አታሳቡ፤ በራሳችሁ አፍ እምቢ በሉ። ኮዳችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው የትኛው ኩባንያ ላይ፣ ምን አድርጎ ሊያስመዘግብበት እንደሆነ ሳይነግራችሁ አትስጡ። ስማችሁ የት የት እንደሰፈረ ዛሬውኑ መዝገቡን ከፍታችሁ እዩ። ልጁ ከዳይሬክተርነት ለቋል፤ ስሙ ግን አልተፋቀም። የተሾመበትና የለቀቀበት ቀን ተጽፎ እዚያው መዝገቡ ላይ አለ።