ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው አማና



ውድ አንባቢያን፣ በመጽሔታችን ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ምግባቸውና ስለ አደባቸው ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ በሕይወት ስለ መቆየታቸው ነውና። ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከግድግዳ ላይ ስለምናስቀምጠው ጠመንጃ ልጽፍ ነው።

በወሎ ገጠር በአንዲት አነስተኛ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በልጅነቴ በቀራሁበት መድረሳ ቁርኣን አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ከደብተሮቹ ጋር የክላሽ ጥይት ይዞ መጣ። ጥይቱን ተቀብዬ ለርእሰ መምህሩ ካስረከብኩ በኋላ ወደ ክፍል ተመልሼ፣ “ቤቱ ጠመንጃ ያለ እጁን ያውጣ” አልኩ። ከጠበቅሁት በላይ ብዙ እጅ ተነሣ። “የሚቀመጥበትን ቦታ የማያውቅ እጁን ያውርድ” ስል አንድም እጅ አልወረደም።

በዚያው ሳምንት ከመስጊድ ስንወጣ የአንዱን ልጅ አባት አገኘሁና ነገሩን አጫወትኳቸው። “መምህር፣ የኔ ልጅ የት እንዳስቀመጥኩት አያውቅም። ቢያውቅም አይነካም፤ በአደብ ነው ያሳደግሁት” አሉኝ። ልጃቸው እጃቸውን ካነሡት አንዱ ነበር። “አያ፣ አደቡን እኔም እመሰክራለሁ። ግን ልጅ የቤቱን ጓዳ ከአባቱ አብልጦ ያውቃል” አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን ዝም አሉ።

እኒህ አባት ብቻቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የአላባማ ግዛት የወጣ ጥናት ጠመንጃ ያላቸውን ወላጆችና ልጆቻቸውን ለየብቻ ጠይቆ ነበር። “ልጆቼ የት እንዳለ አያውቁም” ካሉት ወላጆች መካከል ከ100 የ39ኙ ልጆች ቦታውን እናውቃለን ብለዋል።

“መክሬዋለሁ፣ አይነካም” የሚለውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ሐኪሞች ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን 64 ወንዶች ልጆች በ29 ቡድን ከፍለው፣ እንዳይተኩስ የተደረገ እውነተኛ ሽጉጥ መሳቢያ ውስጥ ወደተደበቀበት ክፍል አስገቧቸው። 21 ቡድኖች ሽጉጡን አገኙት፤ 16ቱ አነሡት፤ በ10ሩ ቡድኖች ውስጥ ቃታ የሳበ ልጅ ነበር። ሽጉጡን ከነኩት ወይም ቃታውን ከሳቡት ልጆች መካከል ከ100 ከ90 የሚበልጡት አስቀድሞ ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ የተነገራቸው ነበሩ። ምክር ያስፈልጋል፤ የቁልፍን ቦታ ግን አይተካም።

ይህን ስል የሀገሬን ሰው ሁኔታ ረስቼ አይደለም። ገበሬው ጠመንጃ የሚይዘው ለከብቱ፣ ለማሳውና ለክብሩ ነው። ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ የተሰደደ ሰው “መሣሪያህን አስረክብ” ቢባል በጀ እንደማይል አውቃለሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ መያዝን በፈቃድ አድርጎታል፤ ፈቃድ የሌለው ሊያወጣ ይገባል። ሆኖም መንግሥት ፈቃዱን ሰጥቶ ከደጃፍ ይመለሳል። ከደጃፉ ወዲያ፣ ሌሊት መሣሪያው የት እንዳደረ የሚጠየቁት አባትና እናት ናቸው።

ሃይማኖታችንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወንድም ላይ መሣሪያ ማነጣጠርን ከልክለዋል፤ ሸይጣን እጅን ሊያስተው ይችላልና። ቀስት ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበልንም ከልክለዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ትእዛዞች የተነገሩት ለአዋቂዎች፣ ለሶሓቦች ነው። የእነሱ እጅ ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገው፣ የ6 ዓመት ልጅ እጅ ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን?

አደጋ ሲደርስ “የአላህ ቀደር ነው” ብለን እንጽናናለን። ቀደር ማመን ግዴታ ነው፤ ሰበብን ማድረስም እንዲሁ። ሱረቱ አን-ኒሳእ በአንቀጽ 92 በስሕተት ለጠፋ ነፍስ እንኳ ካሣና ከፋራ ደንግጓል። የሀገራችን የ1996 የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል። ስሕተት ነው ማለት ተጠያቂ የለውም ማለት አይደለም።

የራሴን ቤት ላንሣ። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አንድ ጠመንጃ አውርሰውኛል። የመጀመሪያ ልጃችን ዳዴ ማለት ሳትጀምር ባለቤቴ፣ “ወይ እሱ ይቆለፍ፣ ወይ እኔ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ልግባ” አለችኝ። ሐቅ አላት። የቆርቆሮ ሣጥን ገዝተን ከግድግዳው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰርነውና ጓጉንቸር አበጀንለት። ጥይቱን በሌላ ቁልፍ ለየነው። ቁልፎቹ ከእኛ ከሁለታችን አካል አይለዩም። አጎቴ ይህን ሲሰሙ፣ “ሌባ ቢመጣ ቁልፍ ስትፈልግ ሊነጋ ነው!” ብለው ገሠጹኝ። “አጎቴ፣ ሌባ ቢመጣ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ልጄ ግን በየቀኑ እቤት ናት” አልኳቸው። ዛሬም በዚህ ነገር አንስማማም፤ ሣጥኑ ግን እንደተቆለፈ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናትም መሣሪያን መቆለፍ፣ ጥይት ሳይጎርስ ማስቀመጥ፣ ጥይቱን መቆለፍና ከመሣሪያው መለየት እያንዳንዳቸው ልጆችን ከአደጋ ከመጠበቅ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ከወላጆች የሚጠበቀው ይህ ነው፦

መሣሪያ ተቀባብሎ አይደር። ካዝናውን መንቀል ብቻ አይበቃም፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት ካዝና ሳይኖርም ትተኮሳለች። ስለዚህ ካዝናው ከተነቀለ በኋላ ተቀባብሎ መውጣቷ በዓይን ይታይ። አፈሙዙም ሁልጊዜ ሰው ከሌለበት አቅጣጫ ይሁን።

ጥይት፣ ቦምብና ከጦርነቱ የቀረ ማንኛውም ብረት ለልጅ መጫወቻ አይሰጥ። ሜዳ ላይ የወደቀ ካገኙ ሳይነኩ ርቀው ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ እናስተምራቸው፤ እኛም ለፖሊስ እናሳውቅ።

በሠርግ ወደ ሰማይ መተኮስ ይቅር። ወደ ላይ የወጣች ጥይት የምትወርደው ከሰው መሐል ነው።

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ጎረቤት ሊያድር ሲሄድ “መሣሪያችሁ ተቆልፏል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። “ውሻችሁ ታስሯል ወይ?” ብለን እንጠይቅ የለም እንዴ?

ልጅ አላህ በእጃችን ያኖረው አማና ነው። ሁላችንም እረኞች ነን፤ እረኛ ደግሞ ስለ መንጋው ይጠየቃል። ይህን ያነበባችሁ አባቶች ነገ ሳትሉ ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ተነሥታችሁ የመሣሪያችሁን ቦታ እዩ። ዋጋው አንድ ጓጉንቸር ቢሆን ነው።

አላህ ልጆቻችንን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልን፤ እኛንም አማናቸውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።