3000 ዋት ያለው የቱ ነው? ሆም ቲያትሩ ወይስ ምጣዱ?

ዛሬ ስለ ኑሮ ውድነትም ስለ ኳስም አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ስፒከርና አምፕሊፋየር ነው። «መምህር ደግሞ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። ሰው ለፍቶ ያጠራቀማት ብር በአንድ የተሳሳተ ምክር ስትቃጠል እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እስቲ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ ሆም ቲያትር ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «3000 ዋት» ይላል። አንዳንዱማ 5000 ይላል። አሁን ደግሞ እቤታችሁ ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ አስቡት። ምጣድ የሚስበው 3500 ዋት አካባቢ ነው። ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ያ ሁሉ ወፍራም ገመድ እንኳ ለብ ይላል። የሆም ቲያትሩ ገመድ ግን ከሬዲዮ ገመድ አይወፍርም። ታዲያ 3000 ዋቱ በየት በኩል ገባ?

10ኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ልጆች መልሱን ታውቁታላችሁ። ጉልበት ከምንም አይፈጠርም። የሚወጣው የገባው ነው፣ እሱም ከፊሉ በሙቀት ባክኖ።

ስለዚህ ካርቶኑን ሳይሆን የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። ገመዱ የሚገባበት አካባቢ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 120 ዋት» ዓይነት ትንሽ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። እውነቱ ወደዚያ ይቀርባል። ጥሩ አምፕሊፋየር ውስጡ ባጠራቀመው ቻርጅ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ሊገፋ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን 25 እጥፍ አይገፋም!

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ነው። ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ የለውም፤ እንደፈለጉ ያሳብጡታል። እናንተ የምትፈልጉት «አርኤምኤስ» የሚለውን ነው። ልዩነቱን በበሬ ልንገራችሁ። በሬ ዝንብ ስትነክሰው አንዴ ዘሎ አጥር ይጥሳል። ያ ፒኤምፒኦ ነው። ከጠዋት እስከ ቀትር ሞፈር ቀንበር ይዞ የሚያርስበት ጉልበት ደግሞ አርኤምኤስ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ የቱን እንደሚያይ ለደብረ ታቦር ሰው አላስተምርም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ድሮ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ እዚሁ ከተማችን ኳስና ፊልም ማሳያ ቤት ከፈተ። ገንዘቡ ግማሹ ከዘመድ ብድር ነው። ስክሪን፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ስፒከር። በሦስተኛው ቅዳሜ የሁለቱም ስፒከር ጥርት ያለ ድምፅ ጠፋ። የሸጠለት ሰው «አምፕሊፋየሩ በዝቶባቸው ነው፣ አነስ ያለ ግዛ» አለው። ሊገዛ ብር አዘጋጅቶ ሳለ ነው «ቲቸር፣ አንድ ጊዜ ና እይልኝ» ብሎ የደወለው።

ሄጄ አየሁ። ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው 100 ዋት አርኤምኤስ፣ 8 ኦም። አምፕሊፋየሩ ፊቱ ላይ 3000፣ ጀርባው ላይ 120 ዋት። የሚባክነው ሙቀት ሲቀነስ ለአንድ ስፒከር ቢበዛ 40 ዋት ቢደርሰው ነው። እንግዲህ 40 ዋት 100 ዋት የሚችለውን ስፒከር እንዴት አቃጠለው? በዛ የተባለው አምፕሊፋየር ትንሽ ሆኖ ተገኘ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ቮልዩም ሲጨመርበት የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል። ክብ የነበረው የሞገድ አናት በማጭድ እንደታጨደ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጆሯችን ይህን የሚሰማው እንደ መንጫጨት፣ እንደ መሻከር ነው። ጫፉ ሙሉ ለሙሉ ጠፍጣፋ የሆነ ሞገድ፣ ቁመቱ እኩል ከሆነ ክብ ሞገድ ሁለት እጥፍ ኃይል ይሸከማል። ሙዚቃና ንግግር በተፈጥሯቸው ከፍ ዝቅ ስለሚሉ ስፒከሩ ማረፊያ ጊዜ ነበረው፤ አሁን ያ እረፍት ቀረ። ከዚያም በላይ፣ የተቆረጠው ሞገድ መጀመሪያ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይፈጥራል። ያ ሁሉ የሚሄደው ወደ ትንሿ ቱዊተር ነው። የቱዊተር ጥቅል ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ የምትችለውም ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ስፒከሩ ላይ የተጻፈው 100 ዋት የሙሉ ሳጥኑ እንጂ የቱዊተሯ አይደለም።

ሳጥኑን ፈተን በቴስተር ስንለካ ልክ እንደዚያ ሆኖ አገኘነው። ትልልቆቹ ደህና ናቸው፣ ሁለቱም ቱዊተሮች ተቃጥለዋል። አነስ ያለ አምፕሊፋየር ቢገዛ ኖሮ ሰው ሲበዛ ያንኑ ቮልዩም እስከ መጨረሻ ያዞረዋል፣ አዲሶቹንም ቱዊተሮች ያቃጥላል፣ ዕዳውም ይደራረባል።

ሌላም ችግር ነበር። ድምፁ እንዲጨምር ብሎ ከየስፒከሩ ጎን ሌላ 8 ኦም ስፒከር በትይዩ ቀጥሎ ነበር። ሁለት 8 ኦም በትይዩ ሲቀጠሉ 4 ኦም ይሆናሉ። የኦምን ሕግ አስታውሱ፦ ተቃውሞው በግማሽ ሲቀንስ፣ ቮልቴጁ ያው ከሆነ፣ ከረንቱ እጥፍ ይሆናል። ጀርባው ላይ «8 ኦም» የተጻፈበት አምፕሊፋየር ይህን አይችልም። ይግላል፣ አንዳንዴ ራሱን ያጠፋል፣ አንዳንዴም ጭስ ይወጣዋል። (በነገራችን ላይ ይህን ሕግ ያገኘው ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እንደኔው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። መጽሐፉን በ1827 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም እምብዛም ከቁብ የቆጠረው አልነበረም። አስተማሪን ንቃችሁ አትለፉ ለማለት ያህል 😀)

በዚያ ላይ የኛ መብራት አለ። ኳሱ ማታ ነው፣ እንጀራውም ማታ ነው። በዚያ ምሽት ሶኬቱን ስለካ 180 ቮልት ሆኖ አገኘሁት። ብዙዎቹ ቀላል አምፕሊፋየሮች የመብራቱ ቮልቴጅ ሲወርድ አብሮ አቅማቸው ይወርዳል። ኃይል በቮልቴጅ ካሬ ስለሚሄድ፣ 180 ለ220 ሲካፈልና በራሱ ሲባዛ 0.67 ይሆናል። 40 ዋቱ ወደ 27 ወረደ ማለት ነው። ጠዋት ሲሞከር ጥርት ያለው ድምፅ ማታ በዚያው ቮልዩም የሚንጫጫው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ትልቅ አምፕሊፋየር ልግዛ?» አለኝ። ቆይ አልኩት። ዋትን እጥፍ ብታደርገው የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ጨመረ» የሚለው መጠን። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ርቀት ግን በነፃ ነው። ስፒከሩን ወደ ሰው በግማሽ ርቀት ብታቀርበው፣ ሜዳ ላይ ቢሆን 4 እጥፍ ኃይል እንደመጨመር ይቆጠራል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፅ ስለሚመልስ ልክ 4 አይሆንም፣ ግን ይጠቅማል።

ስለዚህ ያደረግነው ይህ ነው። በትይዩ የተቀጠሉትን ስፒከሮች አወጣን። ጣሪያ ሥር ተሰቅለው ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጡ የነበሩትን ሁለቱን ወደ ጆሮ ከፍታ አውርደን ወደ መቀመጫው አቀረብን። የኋላው ግድግዳ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን። ቱዊተሮቹን ቀየርን። ቮልዩሙ ላይ መንጫጨት የሚጀምርበትን ቦታ ማታ፣ መብራቱ በደከመበት ሰዓት ፈልገን ከዚያ ዝቅ ብሎ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረግን። ከፕላስተሩ ወዲያ ማዞር ክልክል ነው። አነስ ላለው አምፕሊፋየር የተዘጋጀው ብር ለዘመድ ዕዳ ሄደ። ቀስ ብሎ ሲያጠራቅም ደግሞ በ8 ኦም ከ100 እስከ 150 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥ፣ ስሙ የታወቀ አምፕሊፋየር ይገዛል። ያገለገለም ቢሆን።

ለቤታችሁ ለምትገዙ ደግሞ ባጭሩ፦

1. ካርቶኑን እርሱት። ጀርባውን፣ አርኤምኤሱንና ኦሙን አንብቡ።

2. የአምፕሊፋየሩ አርኤምኤስ ከስፒከሩ አርኤምኤስ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። ትርፍ አቅም ያለው አምፕሊፋየር በልክ ከተያዘ ድምፁ ንጹሕ ነው። ትንሹ እየጮኸ ይገድላል።

3. የስፒከሩ ኦም አምፕሊፋየሩ ከሚፈቅደው በታች አይሁን። ተጠቅልለው የሚሸጡ የሆም ቲያትር ስፒከሮች ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው። ከድሮ አምፕሊፋየር ጋር ዝም ብላችሁ አታጋቧቸው። ጽሑፉ ከጠፋ በቴስተር ለኩ፤ 8 ኦም የሚባለው 6 አካባቢ፣ 4 ኦም የሚባለው 3 አካባቢ ያነባል።

4. የስፒከሩን ዴሲቤል እዩ። 91 ዴሲቤል የሆነው በ25 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ 85 የሆነው ለመስጠት 100 ዋት ይፈልጋል። በርካሽ የሚገኝ «ዋት» ይሄ ነው።

5. ከተንጫጨ ቀንሱ። መንጫጨት የአምፕሊፋየሩ «በቃኝ» ነው።

መኖሪያ ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ፊልም ስታዩ፣ በአማካይ የምትጠቀሙት ጥቂት ዋት ብቻ ነው። የቀረው ፍንዳታ ሲመጣ፣ ከበሮ ሲመታ ለቅጽበት የሚያስፈልግ መጠባበቂያ ነው። ለሠርግ ሞንታርቦ የሚከራየው ሰው ሌላ ሒሳብ አለው፤ እናንተ ግን ጎረቤት እንዲሰማ አትግዙ።

የዛሬው በዚሁ ያብቃ። የስፒከራችሁንና የአምፕሊፋየራችሁን የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት፣ አብረን እናሰላለን። በተለይ በብድር ሥራ ለመጀመር ያሰባችሁ ልጆቼ፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁኝ። ከተከፈለ በኋላ ቴስተሬ የሚነግራችሁ የተቃጠለውን ብቻ ነው።

መልካም ምሽት!