ከለገሃር እስከ መርካቶ፤ በስልክ ዙሪያ የተደረገ ጉዞ

የአዲስ አበባ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሦስት ነገር ይዞ ይወጣል፤ መታወቂያውን፥ የታክሲ ገንዘቡንና ስልኩን። ከሦስቱ ሌባ አብልጦ የሚመኘው ስልኩን ነው። በዛሬው ስልክ ውስጥ ደብዳቤው፥ ፎቶግራፉ፥ የባንክ ሒሳቡና የወዳጆቹ ስም ሁሉ ተጠቅልሎ ይገኛልና። ይህ ዕቃ በከተማችን እንዴት እንደሚሰረቅ፥ ከተሰረቀም በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ስል በአንድ ቅዳሜ ጧት ከለገሃር ተነሥቼ እስከ መርካቶ ተጓዝሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ የሚታይበት ነገር ግን ብዙ ነው።

ለገሃርን መነሻ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወደ ላይ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና የፖስታና የቴሌ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያን ጊዜ የስልክ ጠላት ምስጥና የዱር አውሬ፥ አልፎ አልፎም ሽቦውን ለጌጥ የሚቆርጥ ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። በ1945 ዓ. ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ2003 ዓ. ም. ኢትዮ ቴሌኮም በዛሬው ስሙ ተመሠረተ፤ በ2015 ዓ. ም. ደግሞ ሳፋሪኮም በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሽቦውን ለአምባር የቆረጠው ሰው ጥፋቱ ለጥቂት ቀን ወሬ ማቋረጥ ነበር። የዛሬው ሌባ ግን የአንድ ቤተ ሰብ የወር ቀለብ በአምስት ደቂቃ ይዞ ይጠፋል።

ሜክሲኮ ስደርስ የታክሲው ሰልፍ ረጅም ሆኖ አገኘሁት። ተራ አስከባሪው ቀጭን፥ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው። ነገሩን ብጠይቀው ሳቀና፦

«ወንድሜ፥ ሌባው እኮ ለመሳፈር አይደለም የሚጋፋው!» አለኝ። «ተሳፋሪው በሁለት እጁ በሩን ሲይዝ ኪሱ ባለቤት የለውም። ያን ጊዜ ነው ሥራው።»

ቀጥሎም በመስኮት በኩል ተቀምጦ ስልኩን በጆሮው ላይ አድርጎ ስለሚያወራው ተሳፋሪ ነገረኝ። ታክሲው በመብራት ሲቆም አንድ እጅ ከውጭ ገብቶ ስልኩን መንጭቆ ይወስዳል፤ ባለ ስልኩ ከታክሲው ወርዶ እስኪሮጥ ድረስ ሞጭላፊው በመኪኖቹ መካከል ተሠውሯል። ሌላም አለ። በልብስህ ላይ ምራቅ ወይም ጭቃ ያሳርፍብህና «ይቅርታ ወንድሜ» እያለ በትሕትና ይጠርግልሃል፤ ጓደኛው በዚያው ቅጽበት ኪስህን ይጠርጋል። ከእኔ ፊት የቆሙት አንድ አዛውንት ይህን ሲሰሙ ስልካቸውን ከኮታቸው የውጭ ኪስ አውጥተው ወደ ውስጠኛው አዛወሩት። ተራ አስከባሪው ዐይቷቸው «እንዲያ ነው አባባ!» አላቸው።

መርካቶ የስልክ መሸጫና መጠገኛ ሱቆች በተደረደሩበት ረድፍ ስደርስ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር። ሱቅ ስል ቁም ሣጥን የምታህለውን ጭምር ማለቴ ነው። በአንዲት ጠረጴዛ ላይ የተሰነጠቁ እስክሪኖች እንደ ካርታ መጫወቻ ተደራርበዋል፤ በሌላዋ ባትሪ፥ በሌላዋ የካሜራ ዐይን ብቻ። አንድ ጠጋኝ ወጣት ማጉያ መነጽሩን በግንባሩ ላይ አድርጎ ሙቅ አየር በሚተፋ መሣሪያ ከአንድ ስልክ ሆድ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ሲያወጣ ቆሜ አየሁት። ሥራው የሰዓት ሠሪ ትዕግሥት ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ጥበብ በየትምህርት ቤታችን ብናስተምር እወድ ነበር።

ይህ ጠጋኝ ብዙ ነገር አስረዳኝ። እያንዳንዱ ቀፎ 15 አኃዝ ያለው የራሱ ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር የሲም ካርዱ ሳይሆን የቀፎው ነው፤ ሲሙ ቢለወጥ እርሱ አይለወጥም። የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የስልኩን ዓይነት፥ ተከታዮቹ 6 የዚያን ቀፎ ተራ ቁጥር ያመለክታሉ፤ የመጨረሻው ሌሎቹ በትክክል መጻፋቸውን መፈተኛ ነው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት እንዲህ ያለ ቁጥር አለው። በስልኩ ላይ *#06# ቢጻፍ ወዲያው ይወጣል። ስልክ የተሰረቀበት ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ለፖሊስና ለአገልግሎት ሰጪው ቢያመለክት ስለ ቀፎው የሚናገርበት ማስረጃ ያገኛል፤ አገልግሎት ሰጪው ቁጥሩን በመዝገቡ ካገደም ቀፎው በመስመሩ ላይ አይሠራም። ቁጥሩን ያልያዘ ሰው ግን «ጥቁር ነው፥ ጫፉ ተፍቋል» ከማለት በቀር የሚናገረው የለም።

«ታዲያ ከታገደ ሌባው ምን ይጠቀማል?» አልሁት።

«እንደ በግ ነው መምህር» አለኝ። «በጉ በሕይወቱ ባይሸጥ ሥጋው ይሸጣል፤ ቆዳውም ይሸጣል።» በጣቱ የእስክሪኖቹን ክምር አሳየኝና ዝም አለ። ከዚያ ግን የራሱ ዕቃ በደረሰኝ የተገዛ መሆኑን ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ደረሰኙንም ከመሳቢያው አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጥፋቱን ሁሉ በሌባው ላይ መጫን ለእኛ ለደመወዝተኞቹና ለተማሪዎቹ ይቀለናል። ነገር ግን በግማሽ ዋጋ ያለ ካርቶን፥ ያለ ደረሰኝ፥ ያለ ቻርጀር የቀረበለትን ስልክ «ዕድል ገጠመኝ» ብሎ የሚገዛው ማን ነው? ከቢሮ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄደው ጸሐፊና ከክፍል የወጣው ተማሪ ነው። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቀ የሚቀበለውንም ይቀጣል። አሮጌ ስልክ የሚገዛ ሰው ቢያንስ *#06# ጽፎ የወጣውን ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር ቢያስተያይ፥ የሻጩንም ማንነት የሚገልጽ ውል ቢይዝ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ከጠጋኙ ሱቅ ማዶ ጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ወሬያችንን ሰምተው ኖሮ ቡናውን ሲቀዱልኝ «የእኔን ደግሞ ኪሴን ሳይነኩ ነው የወሰዱት ልጄ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኚህ ሴት የሰፈራቸው ዕቁብ ገንዘብ ያዥ ናቸው። የሳምንቱን ገንዘብ 9,000 ብር ተቀብለው በስልካቸው ሒሳብ አስቀምጠውት ሳለ አንድ ሰው ደወለላቸው። ድምፁ የለዘበ፥ አነጋገሩ የታረመ ነው። «እርስዎ ነዎት? እንደምን አደሩ፥ እናቴ? ከደንበኞች አገልግሎት ነው የምደውልልዎ፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ እንዳይጉላሉብን ብለን ነው» አላቸው። ቀጥሎ በመልእክት የሚመጣላቸውን ቁጥር እንዲያነቡለት ጠየቀ፤ ከዚያም ሚስጥር ቁጥራቸውን። ነገሩት። ቡናው ሳይፈላ ገንዘቡ ሄዷል።

«ስግብግብ ሆነሽ ነው አሉኝ» አሉ ሴትዮዋ። «እኔ ምን ሽልማት ጠየቅሁ? የሰው ገንዘብ እንዳይዘጋብኝ ፈርቼ ነው እንጂ።»

እውነታቸውን ነው። የተጭበረበረውን ሰው ሁሉ ጅል ወይም ገንዘብ ወዳድ ማድረግ የለመድነው ክፉ ጠባይ ነው። እኚህን እናት ያስያዛቸው ኀላፊነታቸው ነው። ሌባው የተጠቀመበት መሣሪያም አክብሮት ነው። በአገራችን «እርስዎ» ብሎ ለሚያነጋግር ሰው ፊት መንሣት ነውር ስለሆነ፥ «ቆይ፥ አንተ ማን ነህ?» ብሎ ስልኩን በጆሮው ላይ መዝጋት ለታላላቆቻችን እንደ ስድብ ይቆጠራል። የዕቁቡ ዳኛና አባላቱ መክረው ሴትዮዋ በየሳምንቱ 200 ብር እንዲከፍሉ ወሰኑ። ሲቆጠር 45 ሳምንት ነው። እኔ ባገኘኋቸው ቀን 11ኛውን ከፍለው ነበር።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ እንደ ሰላምታ ቀላል ሆኗል፤ ይህም ትልቅ በረከት ነው። ማወቅ የሚገባው ግን ሚስጥር ቁጥር ለማንም፥ ለሠራተኛም ቢሆን፥ የማይነገር መሆኑ ነው። በመልእክት የሚመጣውም ቁጥር እንደዚሁ ነው። የሚጠራጠር ሰው ስልኩን ዘግቶ ራሱ ወደ 994 ቢደውል የኢትዮ ቴሌኮምን እውነተኛ ሠራተኛ ያገኛል። ዋናው ነገር የደወለው ማን ነው ሳይሆን ማን ወደ ማን ደወለ ነው።

ሲም ካርዱም ቢሆን የራሱ ቁልፍ አለው። ስልኩ የተቆለፈ ቢሆን እንኳ ሌባው ሲሙን አውጥቶ በሌላ ቀፎ ካስገባው መልእክቶቹ ሁሉ ለእርሱ ይመጣሉ፤ በዚያም የባለቤቱን ቴሌግራም ከፍቶ «ወንድሜ ቸግሮኛል፥ ጥቂት ብር ላክልኝ» እያለ ለወዳጆቹ ይጽፋል። በሲሙ ላይ ፒን የተደረገ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ሲሳሳት ይዘጋል፤ የሚከፍተውም 8 አኃዝ ያለው ሌላ ቁጥር ነው። ይህን ማድረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፥ በዚያ ረድፍ ከጠየቅኋቸው ሰዎች ያደረገው ጠጋኙ ብቻ ነበር።

ከግለሰብ አልፎ የስልኩን ሥርዐት ራሱን የሚዘርፍም አለ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዘመድ ደውሎ በስልካችን ላይ የአገር ውስጥ ቁጥር ቢታይ፥ ጥሪው በበይነ መረብ ተሻግሮ፥ አያሌ ሲም ካርዶች በተሰኩበት ሣጥን በኩል በስውር የገባ ሊሆን ይችላል። ደዋዩ እዚያ ከፍሏል፤ ወደ አገር መግባት የሚገባው የውጭ ምንዛሪ ግን በመካከል ቀርቷል። በ2004 ዓ. ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ዒላማ ካደረጋቸው ድርጊቶች አንዱ ይህ ነበር። ሣጥኑ የሚሠራው በብዙ ሲም ነውና፥ በስማችን ሲም አውጥተን ለማናውቀው ሰው መስጠት ቀላል ውለታ እንዳይመስለን።

ወደ ቤቴ ከመመለሴ በፊት ከአንድ ጫማ ሻጭ ዘንድ ቆምሁ። ገዢው ወጣት ገንዘቡን መላኩን የሚገልጽ መልእክት በስልኩ ላይ አሳየው። እንዲህ ያለ መልእክት በሐሰት ተጽፎ፥ ወይም የትናንቱ ፎቶ ተነሥቶ እንደሚቀርብ ሻጩ ያውቃል። «ይቅርታህን ወንድሜ፥ በእኔ ስልክ እስኪመጣ» አለና ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ በጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እጁን ግን ከፌስታሉ ላይ አላነሣም። ገዢው አልተቆጣም። ሁለቱም ቆመው የሻጩን ስልክ ይመለከቱ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ፤ ሻጩ ቀሪ ሒሳቡን አየና እጁን አነሣ።