የጋሼ ሆንዳ ሰልባትዮ

ጋሼ ሆንዳዋን የገዟት በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ሰሞን ነው። ያኔ ታክሲ ይነዱ ነበር። እንግዳ በእንግዳ ላይ የጎረፈበት ጊዜ ስለነበር ኪሳቸው ሞላ አለና፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ባሸነፈች ሳምንት ከአንድ ደንበኛቸው ላይ ገዟት። ሲቢ 350 ናት፣ የ1972 ሥሪት። ጥቂት ሰመር ነዷት። ከዚያ ልጆች ተወለዱ፣ የቤት ዕዳ መጣ፣ ሞተሯም ክላርክስተን ያለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ሰልባትዮ ቤንዚን እንደያዘች ከአሮጌው ፍሪጅ ጀርባ ተገፍታ ቀረች።

ጋሼ ከአገር ከመውጣታቸው በፊት ሶማሌ ተራ አካባቢ መካኒክ ነበሩ። በሱዳን በኩል አሜሪካ ከገቡ ወዲህ ግን ካቻቢቴ ይዘው አንድ ዶላር አላገኙም። ጡረታ በወጡ ማግስት ደውለው «ና እስቲ፣ ያቺን ዶቅዶቄ እናውጣት» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

የሰልባትዮዋ ክዳን ሲከፈት የወጣው ሽታ የቤንዚን አይባልም፤ የቆየ ቫርኒሽ ነበር የሚሸተው። አሮጌውን ቤንዚን በጄሪካን ቀድተን ውስጡን በባትሪ አየነው። ጣሪያው ደረቅ ዝገት ለብሷል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ተኝቷል።

«ቤንዚን ብረት አያዝግም፤ ውሃ ነው» አሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው። ያልሞላ ሰልባትዮ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያስገባል። የአትላንታ አየር ደግሞ እርጥብ ነው፤ ጤዛው ከውስጥ ግድግዳው ላይ ይቋጥርና ከቤንዚን ስለሚከብድ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። የዛሬው ቤንዚን ደግሞ ይብሳል፤ ማደያው ላይ እንደተለጠፈው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠግብ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከነውሃው ይዘቅጣል። አዲስ አበባም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ይሸጥ እንደነበር ብነግራቸው «ከሸንኮራ?» ብለው ሳቁብኝ። እስከ ዛሬም ያመኑኝ አይመስለኝም።

እኔ ከነማጠቢያው የሚሸጥ የሰልባትዮ ማሸጊያ ገዝቼ ነበር። እሳቸው ቆርቆሮውን አገላብጠው አዩና «ይኼ ኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ አቼቶ» አሉ። ዩር ዴካልብ ፋርመርስ ማርኬት ሄደን ነጩን አቼቶ በጋሎን በጋሎን ጋሪው ላይ ደረደርን። ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ደረቷ ላይ የምትናገራቸውን ቋንቋዎች የሚዘረዝር ባጅ ያደረገች የአገራችን ልጅ፣ ጋሪውን አይታ «ጋሼ፣ ስንት ኩንታል ሰላጣ ሊሠሩ ነው?» አለቻቸው።

ያን ቀን መካኒኩን አየሁት። መጀመሪያ በኦሞና በሙቅ ውሃ ደጋግመው አጠቡት፤ የቤንዚን ትነት እያለ ሌላ ነገር አይጀመርም። ከሥር ያለውን የቤንዚን መክፈቻ ፈቱት፣ አቼቶ ስስ ብረቱን ይበላዋልና። በቀዳዳው ቦታ ከብስክሌት ከመነዳሪ የቆረጡትን ጎማ በቆርቆሮ ደግፈው አሰሩበት። ቀለሙ እንዳይበላሽ ከውጭ ቫዝሊን ቀብተው በላስቲክ ጠቀለሉት። ቀጥሎ ቀጭን ሰንሰለት አስገቡ። «ሶማሌ ተራ ጠጠር ነበር የምንጨምረው፤ አንዷ ጠጠር ከቀረች ግን ዕድሜ ልክህን ስትንኳኳ ትኖራለች። ሰንሰለት ጫፉን ከያዝከው ሁሉም ይወጣል።» ጥቂት ዳዶም ጨምረውበታል፣ ቁጥሩን ግን ጋራዡ ወለል ላይ በቾክ ጽፈው ነው። ሲያወጡ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ቾኩን አጠፉ።

እየተፈራረቅን ነቀነቅነው፤ ከዚያ እስከ አንገቱ በአቼቶ ተሞልቶ ሰነበተ። ሲገለበጥ የወጣው ጥቁር ቡናማ ነበር፤ ወለሉ ግን ግራጫ ብረት ሆኗል። ችግሩም ያኔ ታየ፤ ከሥር ስፌቱ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። ቀዳዳውን እስከዚያ ድረስ የደፈነው ዝገቱ ራሱ ኖሯል።

«አገር ቤት ቢሆን ደረቅ የልብስ ሳሙና ትፈገፍግበታለህ፤ ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም። በዚያች ሳሙና ደብረ ብርሃን ደርሶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ» አሉ። ላስበይደው ብላቸው ተቆጡ። ቤንዚን የነበረበት ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይከፋል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ወጣት ሳሉ የአንድ በያጅ እጅ ሲሄድ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ያቺ የመርፌ ቀዳዳ ለማሸጊያው ተተወች።

ከዚህ በኋላ ያለው የችኮላ ሥራ ነው። አሲዱን ለማብረድ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠን ስንጨምር አረፋው በአፉ ገነፈለ። በንጹሕ ውሃ አለቅልቀን ገና ሳንዘነብለው፣ ያ የጸዳ ብረት ዓይናችን እያየ ብርቱካናማ መሆን ጀመረ። ሐምሌ እዚህ ወበቅ ነው፤ አዲስ የተገለጠ ብረት ደቂቃም አይታገስም። ጋሼ «አየህ? አየህ?» እያሉ ከማሸጊያው ጋር የመጣውን ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን ፈሳሽ ጨመሩበት። እሱ ቀሪውን ዝገት ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ ማሸጊያውም የሚይዝበት ሸካራ ገጽ ያገኛል። ቀጥሎ ልጃቸው የጸጉር ማድረቂያዋን አዋሰችን። በጣት ቢነካ ደረቅ የሚመስል ሰልባትዮ ስፌቱ ውስጥ ውሃ ይደብቃል፤ ጋሼ ግን ብረቱ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ አልተላቀቁትም።

ማሸጊያው ብርማና ወፍራም ነው። አፍስሰው በየጎኑ ቀስ እያሉ አገላበጡት፤ ትርፉን በሥሩ ቀዳዳ አወረዱ፣ አንድ ቦታ ከተጠራቀመ አይደርቅምና። የመክፈቻውን ጥርስ በጨርቅ ጠረጉ። አንዲት ጠብታ አንጓቸው ላይ አረፈች፤ ከደረቀ በኋላ ቆዳ ካልተላጠ አይለቅም። እሑድ ቅዳሴ ላይ ባለቤታቸው እትዬ የጋሼን እጅ እያዩ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ።

መመሪያው 96 ሰዓት ይደር ይላል። ለጋሼ ከሁሉም የከበደው ይኼ ነበር፤ ጠዋት ማታ በባትሪ ያዩታል። ሲሞላ ግን ከሥር ያነጠፍነው ካርቶን ደረቅ እንደሆነ አደረ። ካርቡራተሩ ሌላ ጣጣ ነው፤ እሱንም ሠሩት፣ ሞተሯም ተነሳች።

ድምፁን የሰማ ሜክሲኳዊ ጎረቤት በሳምንቱ የራሱን ያማሃ ሰልባትዮ ታቅፎ መጣ። ጋሼ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ፣ በባትሪ አዩ፣ ወደኔ ዞሩ።

«አቼቶውን ራሱ ይግዛ በለው» አሉኝ። «የእጅ ዋጋውን እኔ እነግረዋለሁ።»