ማገርሸቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ፤
ባቱ

እግዚአብሔር ያጽናዎት። የጋሼን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ አጠገብ ያኑርልን።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ስለበዛ ሳልመልስልዎት የመጣሁት ነገር አለ። እጄን ይዘው «ሐይቁ ዳር ነፋስ ላይ እንዲቀመጥ ባልፈቅድለት፣ በርበሬ ያለበትን ወጥ ባላቀምሰው አያገረሽበትም ነበር» አሉኝ። እትዬ፣ እንዲህ አይደለም። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነውና ይመኑኝ።

ጋሼ ለካንሰራቸው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታዘዘላቸውን ጨረርና ኬሞ ሳያቋርጡ ጨርሰዋል። እብጠቱ ሟሽሾ ድምፃቸው ተመልሶ ነበር። ታዲያ ያገረሸው ከየት መጣ? ዕጢው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የሚሺጋንና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአፍና ከጉሮሮ ካንሰር ሕመምተኞች የተወሰደ ዕጢ ለያይተው አይጦች ላይ ሞክረው ነበር። አዲስ ዕጢ ያበቀሉት ሲዲ44 የሚባል ምልክት ያላቸው ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱም ብዙውን ጊዜ ከመቶ አሥር አይሞሉም። የካንሰር ግንደ ሕዋሳት ይሏቸዋል።

የሽንኩርት ማሳ አርመው ያውቃሉና ሰርዶን ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ቅጠሉ ተጭዶ መሬቱ ባዶ ሲመስል ሥሩ ከታች አለ። ጨረርና ኬሞ በተለይ የሚመቱት ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሕዋስ ነው። እነዚህ ግንደ ሕዋሳት ግን ብዙዎቹ በዝግታ የሚከፋፈሉ፣ የተጎዳባቸውንም የሚጠግኑ ስለሆኑ ያመልጣሉ። አጋዥም አላቸው። ደም ሥር ተጠግተው ይሰፍራሉ፤ የደም ሥሩ ግድግዳ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ያበረታቸዋል። በዙሪያቸው ያለው ሥጋ፣ ሊከላከለን የተፈጠረው ነጭ የደም ሕዋስ ጭምር፣ ተታሎ ይቀልባቸዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እኔንም ያንገበግበኛል። እንዲህ ጥቂት ሆነው የተደበቁትን ሲቲ ስካን እንኳ ለይቶ አያሳይም፤ እርስዎ በምን ዓይንዎ ያዩዋቸው ነበር? ነፋስም በርበሬም አይቀሰቅሷቸውም።

እርስዎ ያደረጉትን እኔ አይቻለሁ። የቆሮሶ ዓሣውን ሾርባ እሾህ እንዳይቀርበት ሁለቴ በማጥለያ አሳልፈው፣ ሙቀቱን በእጅዎ ጀርባ ለክተው፣ በሻይ ማንኪያ ያጠጧቸው ነበር። መናገር ያቃታቸው ጊዜ ደብተራቸው ላይ «ዛሬ ጣፈጠኝ» ብለው የጻፉበትን ገጽ አሳይተውኛል። ሐይቁ ዳር የተቀመጡበት ከሰዓትም በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ደስ ብሏቸው የዋሉበት ነው። እሱን ከጥፋት አይቁጠሩብኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኩባያቸውን ለብቻ ያስቀመጡት ዘመዶች ካሉ፣ ይህ ካንሰር በኩባያ አይተላለፍም ይበሏቸው፤ ልጆቹ በአባታቸው ዕቃ ይጠጡ።

ለአርባቸው ዓርብ ማታ ከአዳማ ተነሥቼ እመጣለሁ። እስከዚያ እህል ይቅመሱ። ያ ሐሳብ ተመልሶ ከመጣብዎት ሌሊትም ቢሆን ይደውሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ