የመስቀል ወፍ የት ነው የምትከርመው?

«ጠፋህ እኮ! የመስቀል ወፍ ሆንክ!» ተብሎ የማያውቅ ከተሜ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! ዘመድ ቤት በዓመት አንዴ ብቅ ለሚል ሰው የተሰጠ ስም ነው። እኔ ግን የወፏን እውነተኛ ታሪክ የሰማሁት በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ከመስቀል በኋላ በዋለው ቅዳሜ፣ ምዕራብ ጎጃም ዘመድ ጥየቃ በወጣሁበት ቀን ነው።

ከፍኖተ ሰላም የተነሳነው በጠዋት ነው። መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ፣ ሹፌሩ የአክስቴ ልጅ። ልጁ እህል ነጋዴ ይሁን እንጂ ልቡ ያለው ወፍ ላይ ነው። አንገቱ ላይ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንጠልጥሎ፣ ወፍ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። የባህር ዳሩን አስፋልት ይዘን ማንኩሳን አለፍን። ማንኩሳ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ው በዛብህ የተወለደባት፣ ከዚያም ወጥቶ የሄደባት አገር ናት። እኛም ከአገር ወጥተን የቀረን ልጆች ነንና ስሟን ሳነብ ሆዴን ባር ባር አለው።

ቡሬ ላይ ሻይ ጠጣን። እዚያች የነቀምት መንገድ መገንጠያ ከተማ፣ ከሥጋ ቤት ጀርባ፣ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቁራ አጥንት ይለቅማል። አዲስ አበባም ሞልቷል፤ ማን ልብ ይለዋል? ለካስ ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም! ስንት ፈረንጅ እሱን ለማየት ብሎ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል፤ እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን።

ከቡሬ ወደ ሽንዲ ሲታጠፉ አስፋልት ቀርቶ ጭቃና ጉድጓድ ሆነ። ግን እናንተዬ፣ መስከረም ሲሆን የጎጃም መስክ ሌላ ነው! አደይ በግራም በቀኝም፣ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ። ከከብቶቹ እግር ሥር ጭራዋን እያርገበገበች የምትሮጥ ሆደ ቢጫ ትንሽ ወፍ አየን። «ይህቺ እንግዳ ናት፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽታ ነው የምትመጣው» አለኝ የአክስቴ ልጅ። ባሕርና በረሃ አቋርጣ መጥታ ማንም «እንኳን ደህና መጣሽ» አላላትም!

ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አገሩ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። አክስቴ ከደጅ ጀምራ እልልታዋን አቀለጠችው። «እኔን ይድፋኝ! የመስቀል ወፍ ሆነህ ቀረህ የኔ ዓለም!» ዶሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ፣ የተጠበሰ እሸት ተከተለ። ከዚያ ሁለተኛ ቤት፣ ሦስተኛ ቤት፤ «በሞቴ!» እየተባለ ጉርሻ። ለአረቄው ግን ሹፌራችን «መሪ ይዣለሁ» ብሎ እምቢ አለ። ደግ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ አጎቴ ማሳውን ሊያሳየን ወሰደን። ከሣሩ በላይ ጥቁርና ቢጫ ወፍ ላባውን ነፍቶ እንደ ኳስ ይነጥራል። «ይኸው የመስቀል ወፍ! ጋሼ፣ ከመስቀል በኋላ የት ነው የምትሄደው?» አልኩት።

አጎቴ ሳቀብኝ። «ኧረ ከተሜ! የት ትሄዳለች? ዓመት ሙሉ ዳጉሳዬን የምትለቅመው እሷ አይደለች? ልብሷን ስትቀይር ጊዜ አታውቋትም እንጂ!»

እውነቱን ነው። ያ ደማቅ ላባ የወንዱ የሙሽርነት ልብስ ነው፤ በክረምት ይለብሰዋል፣ የመራቢያው ጊዜ ሲያበቃ ያወልቀዋል። ከዚያ ልክ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆንና ከድንቢጥ ጋር ይመሳሰላል። ወፏ የትም አልሄደችም። የጠፋው ዓይናችን ነው።

ዘመድም እንዲሁ ነው ወገኖቼ! አክስቴ በመስቀል ብቻ የምትኖር ይመስል ነጭ ለብሳ፣ ቤቷን አስጊጣ ነው የምናውቃት። በጥር ጉልበቷን ሲያማት፣ በሰኔ ማሳው ላይ ስትጎብጥ ማን አያት?

ከመመለሳችን በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገባን። ዙሪያው እርሻ ሲሆን ትልልቁ ዛፍ የቀረው እዚያ ነው። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የምትዘል አረንጓዴ ወፍ ድንገት ክንፏን ስትዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ! ያ ቀለም መዳብ አለበት ይባላል፤ በእርግጥም ላባው ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም የተሠራው ከመዳብ ጋር ነው። ዛፍ ከሌለ እሷም የለችም። ሳይጨልም ተነስተን ማታ ፍኖተ ሰላም ገባን።

አሁንስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢው ግጭት ተነስቶ እንደዚያ ቀን መኪና አስነስቶ እንደ ልብ መዞር ብርቅ ሆኗል። እንግዲህ ወጣቶች፣ ምክሬ አጭር ናት። ለመሄድ ካሰባችሁ መጀመሪያ እዚያው ያለ ዘመድ ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ ደህና ነው ካሏችሁ ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ያዙ፣ የመጀመሪያው ቤት ላይ ሆዳችሁን አትሙሉ፣ በቀን ተመለሱ። መንገዱ እምቢ ካለ ደግሞ ስልክ አለ። ኔትወርክ የተገኘ ቀን፣ በዓል ሳይጠብቁ፣ እንዲያው ተራ ማክሰኞ ላይ «እንዴት ዋልሽ አክስቴ?» ማለት ነው። እሷ እንደሆነች ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናት።